በድሬ ፀሐይ አፈርን ማልበስ

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ግቢዬ ሰፊ አይደለም። ሁለት የሎሚ ዛፍ፣ ሦስት ፓፓያ፣ አንድ ጊሽጣ፣ ከኩሽናው ጎን ደግሞ የቃሪያና የቆስጣ መደብ አለኝ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የማጠጣው ከበርሜል እየቀዳሁ ነው። ድሮ ግንቦት ላይ ጠዋት ያጠጣሁት መደብ ከሰዓት በኋላ ተሰነጣጥቆ ይጠብቀኝ ነበር። አሁን ያንኑ መደብ በሦስት ቀን አንዴ ነው የማጠጣው። የለወጥኩት አንድ ነገር ነው፤ አፈሩን ማልበስ ጀመርኩ።

የግብርና ባለሙያዎች ጉዝጓዝ ይሉታል። ቃሉን ከቤታችን እናውቀዋለን፤ ለበዓል ቄጤማ እንጎዘጉዝ የለ? ጎረቤቴ መጀመሪያ ስታየኝ «አቦ፣ ለአፈርም ይጎዘጎዛል እንዴ?» አለችኝ። አዎ፣ ይጎዘጎዛል። አፈሩ ከተሸፈነ ፀሐዩ በቀጥታ አያገኘውም፣ እርጥበቱ ቶሎ አይተንም፣ አረሙም ብርሃን አጥቶ ይቀራል። ለእኛ ለድሬዎች ሌላም ጥቅም አለው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ውሃው ከአፈሩ ላይ ሲተንም ያው ነጭ ነገር እላዩ ላይ ይቀራል። ትነቱ ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል።

ምን እንጎዝጉዝ? እኔ አብልጬ የምወደው የኦቾሎኒ ቅርፊት ነው። ኦቾሎኒ የሚመረትበት ባቢሌ ቅርባችን ስለሆነ ኦቾሎኒ የሚፈለፍሉ ሰዎችን ጠይቆ አንድ ሁለት ጆንያ ማግኘት አይከብድም። አየር ያስገባል፣ ቶሎ አይበሰብስም፣ ለመበተንም ቀላል ነው። ውስጡ ፍሬ እንዳይቀር ግን እዩት፤ አይጥ ይጠራል። የቡና ገለፈትም ጥሩ ነው፤ እርጥቡን ግን በወፍራሙ አትከምሩት፣ ይሻግታል። የማሽላ አገዳ በእጅ እየተሰባበረ ለዛፍ ሥር ይሆናል። የጤፍ ጭድ ለመደብ ተስማሚ ነው፤ ሆኖም የከሰዓቱ ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ ከበተንኩ በኋላ ውሃ አርከፈክፍበትና ጥቂት አገዳ እጭንበታለሁ።

ገራባስ፣ ከጫት ተቅሞ የሚቀረው ቅጠልና ቀንበጥ? ከተማችን ውስጥ በነፃ የሚገኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ቅጠሉም ቀንበጡም አፈር ይሆናል። እኔ ግን ጫት ላይ ፀረ ተባይ እንደሚረጭ ስለማውቅ ለሎሚና ለአበባ እንጂ ለቆስጣ አላቀርበውም። ደግሞ ፍየል ይወደዋል። አንዴ በሩን ሳልዘጋ ወጥቼ ስመለስ ገራባውም የለም፣ ከጎኑ የነበረው ቃሪያም ተግጧል።

ሰጋቱራ ከእንጨት ሥራ ቤት ስታመጡ የንጹሕ እንጨት መሆኑን አረጋግጡ። የኮምፔንሳቶና የቺፑድ ሙጫ ስላለበት ይቅርባችሁ። ንጹሑንም ቢሆን እላዩ ላይ ብቻ በትኑት፤ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ሲበሰብስ ናይትሮጂኑን ለራሱ ይሻማና ተክሉ ይቢጫል። ጠጠርና ጥቁር ላስቲክ ለዚህ ሙቀት አልመክርም፤ ሁለቱም ያግላሉ።

አሁን ወደ አሠራሩ። ጊዜው ሚያዝያ ነው፤ የበልጉ ዝናብ አፈሩን ካራሰ በኋላ፣ የግንቦት ሙቀት ሳይመጣ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው ደረቅ አፈር ላይ ስለሚጎዘጉዝ ነው። ደረቅ ከለበሰ ደረቁ ነው የሚቆየው፤ የምትመጣዋን ትንሽ ካፊያ ደግሞ ጭዱ ይጠጣታል። ዝናብ ካልጣለ አረሙን ነቅላችሁ፣ ማታ አጥግባችሁ አጠጡና ጠዋት አልብሱ። ውፍረቱ አራት ጣት ይሁን፣ ማለትም ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር። ለሰጋቱራና ለገለፈት ግን ሁለት ጣት ይበቃል፤ ደቃቅ ስለሆኑ ወፍረው ሲተኙ አየር ይከለክላሉ። ዘር የተዘራበትን መደብ ቡቃያው ስንዝር እስኪሆን ተዉት።

ግንዱን አታስነኩ። ይህን የተማርኩት ከፓፓያዬ ነው። አንድ ክረምት ጭድ ሥሩ ድረስ አስጠግቼ ቆለልኩ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲደጋገም ግንዱ ከታች ለስልሶ በሰበሰ፤ ፍሬውን እንደተሸከመ ወደቀ። እስካሁን ያሳዝነኛል። አሁን ለዛፍ አንድ ስንዝር፣ ለቃሪያ ሁለት ጣት ዙሪያውን ባዶ እተዋለሁ። ለዛፍ ሲሆን ቅርንጫፉ ጥላ እስከሚጥልበት ድረስ አልብሱት፤ ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ብዙዎቹ ወደዚያ ናቸው።

ምስጥ ሌላው ጣጣ ነው። ደረቅ አገዳ ይጠራዋል። ከቤቱ ግድግዳና ከእንጨት አጥር አንድ ሜትር ያህል አርቁት፤ በየሳምንቱም ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ። የጭቃ መንገዱን ካያችሁ አገዳውን አንሱና በሌላ ነገር ተኩት።

ጉዝጓዙ እየበሰበሰ ይሳሳል፤ አፈሩን የሚያዳብረውም ያኔ ነው። እኔ በሁለት በሦስት ወር አንዴ እላዩ ላይ እጨምራለሁ፣ የድሮውን አላነሳም። ጠዋት ከማጠጣቴ በፊት ጭዱን ገለጥ አድርጌ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ከሆነ አጠጣለሁ። እርጥብ ከሆነ ጀሪካኑን ወደ ኩሽና እመልሰዋለሁ።