ሮንድ ከመውጣታችሁ በፊት፦ የሰፈር ጥበቃን በሀዋሳ እንዴት ማደራጀት ይቻላል?

ሰፈር ውስጥ ስርቆት ሲደጋገም የሚሆነው የታወቀ ነው። ስብሰባ ይጠራል። ሁሉም የልቡን ይናገራል። ወጣቶቹ ቆመጥ ይዘው ለጥቂት ቀን ሮንድ ይወጣሉ። ከዚያ እንቅልፍ ያሸንፋል፣ ሮንዱም ይቀራል። ሌባ እንደሆነ ትዕግሥተኛ ነው።

እናንተም ሀዋሳ ውስጥ ነጠቃና ስርቆት ካስመረራችሁ፣ ከቆመጡ የሚቀድም ብዙ ሥራ አለ። አብዛኛው ደግሞ በቀን የሚሠራ ነው።

1. ደብተር ግዙ

ለሁለት ሳምንት ያህል የሆነውን ሁሉ መዝግቡ። ምን ተወሰደ፣ የት፣ በስንት ሰዓት። «ሰፈሩ ተበላሽቷል» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። እንዲህ ይጻፍ፦ «ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ። ስልክ ነጠቃ። ሁለት ልጆች በባጃጅ፣ ታርጋው ጭቃ ተለቅልቋል።»

ይህ ሲጠራቀም ሮንዱ የሚያስፈልግበት ሰዓት ራሱ ይወጣል። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ እኩለ ሌሊት ነው። ነጣቂ ግን ሰው መንገድ ላይ ሲኖር ነው የሚሠራው። ምሽት ከሥራ ሲገባ፣ ንጋት ላይ ለቅዳሴ ወይም ወደ መናኸሪያ ሲወጣ። ቤት ሰርሳሪ ደግሞ ቤት ባዶ የሚሆንበትን ቀን ይጠብቃል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከተማው ለገብርኤል ንግሥ ሲወጣ፣ ለፍቼ ጫምባላላም ሕዝቡ ወደ ጉዱማሌ ሲጎርፍ፣ ያን ቀን ሰፈር የሚቀር ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

2. ከእድሩ ጀምሩ፣ ተከራዩን ግን አትርሱ

እድር አዲስ ኮሚቴ የሌለው ነገር አለው። የአባላት ዝርዝር፣ ገንዘብ ያዥ፣ የሚከበር ዳኛ። ችግሩ ተከራይ አብዛኛውን ጊዜ እድር ውስጥ የለም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ፣ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት የሚከራዩ ወጣት ሴቶች በከተማው በዝተዋል። ሥራቸው ፈረቃ ስለሆነ በጨለማ የሚንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው። የትኛው ጥግ እንደሚያስፈራ ከእድሩ ሽማግሌዎች በላይ ያውቃሉ። ስብሰባው እነሱ በሚመቻቸው ቀን ይሁን። ጥሪው በአማርኛም በሲዳሙ አፎም ይነገር፤ ግማሹ ሰፈር ያልሰማው ስብሰባ ለሐሜት ነው የሚተርፈው።

3. ቀበሌና ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ

አጭር ደብዳቤ፣ የተሳታፊዎች ስም ዝርዝርና የምትዞሩበት ሰዓት ይበቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባለሙያውን ስብሰባችሁ ላይ ጋብዙት፣ የጣቢያውን የተረኛ ስልክም ያዙ። ይህን ካልሠራችሁ በሌሊት ሰው የምታስቆሙ ሰዎች ናችሁ፣ ሌላ ምንም።

የጦር መሣሪያ አይታሰብ። ፈቃድ ያለው ጎረቤት ቢኖርም ቤቱ ያስቀምጠው። ለሮንድ ባትሪና ፊሽካ ይበቃል።

4. ብርሃን

ገንዘባችሁን መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት። እያንዳንዱ ቤት በሩ ላይ፣ ወደ መንገዱ የዞረ አንድ ኤልኢዲ አምፖል ይስቀል። ወደ ግቢ የዞረ መብራት ለባለቤቱ እንጂ ለመንገደኛው አይጠቅምም። አምፖሉ በቀላሉ እንዳይነቀል የሽቦ ወንፊት አልብሱት። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ሶላር ደግሞ ጨለማው በሚበረታበት መታጠፊያ ላይ ይደረግ። መንገድ ላይ የተንዠረገገ ቁጥቋጦ ካለ አንድ ቅዳሜ ይመንጠር።

5. ተራ አውጡ

ሌሊቱን ሙሉ አትዙሩ። ደብተሩ ያሳያችሁን ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ያዙ፣ በሦስት ሰው፣ አንዱ ከሌላው ሳይርቅ። መውጣት ያልቻለ ሰው ይክፈል ወይም ምትክ ይላክ። የማታ ፈረቃ ሰርቪስ የሚያወርድበት ቦታ ላይ ቆሞ ሠራተኞቹን እስከ በራቸው ማድረስ ባዶ መንገድ ከመዞር ይበልጣል። ደመወዝ ልትከፍሉ ከቻላችሁ ሥራ ያጡትን የሰፈሩን ልጆች ቅጠሩ። ማን እንግዳ እንደሆነ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ።

6. ሌባ ቢያዝ

እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም መያዝ ይችላል፤ ግዴታው ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። መምታት የለም። ኪሱን መፈተሽ፣ ቤቱ መግባትም የለም። የደቦ ፍርድ ሰው ይገድላል፣ የተገደለውም ሌባ ላይሆን ይችላል። የመታውም ሰው ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሰው ስለሚሰበሰብ፣ ከሦስቱ ሮንደኞች የአንዱ ሥራ ሰውን ማራቅ ብቻ ይሁን።

7. ጣቢያ ድረስ ሂዱ

ሮንዶች የሚፈርሱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሌባው ይያዛል፣ ባለንብረቱ ስልኩን ይቀበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ቤቱ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሰፈር ውስጥ ሲታይ «ፖሊስ ለቀቀው» ይባላል። ሮንደኛውም «እኔ ለማን ብዬ ነው የማድረው?» ይላል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በዚያ ጊዜ ቃሉን የሰጠ ተበዳይና ያየ ምስክር ከሌለ መርማሪው በእጁ ምን አለው? ስለዚህ ኮሚቴው አንድ ሰው ለዚህ ሥራ ብቻ ይመድብ። ከተበዳዩ ጋር አብሮ ይሂድ፣ የባጃጁን ከካዝና ይክፈል፣ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ቀጠሮ ሲደርስ ይደውል። ምስክር ብቻውን አይላክ። ብዙ ሰው ዝም የሚለው ቂም ፈርቶ ነው። ሦስት አራት ሆነው ሲሄዱ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ለስልክ ደግሞ ሁሉም ዛሬውኑ *#06# ደውሎ የሚመጣውን ባለ 15 አኃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ። ስልኩ ቢገኝ የእናንተ መሆኑን በዚያ ታሳያላችሁ።

8. ገንዘቡና ጎረቤቱ

መዋጮው በቴሌብር ይግባ፣ ወጪው በየወሩ ይነበብ። ስርቆቱ እናንተ ጋ ቀንሶ ማዶ ሰፈር ከበረታ ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ፤ የነሱን ሮንድ ስልክ የደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉ፣ የእናንተንም ስጧቸው።