አልነሳ ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ፦ ከየት ይጀመራል?

አሮጌ ዴስክቶፕ አልነሳ ሲል ብዙ ሰው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ይጨርሰዋል። ማዘርቦርድ፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ፣ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ፤ ግን ከሱ በፊት አንድ ሳንቲም የማያስወጡ ነገሮች መታየት አለባቸው። ካቻቢቴ፣ ላጲስና ደረቅ የቀለም ብሩሽ ካለዎት አብዛኛውን እዚያው ቤትዎ ይጨርሱታል።

መጀመሪያ ማብሪያውን ሲጫኑ የሚሆነውን ልብ ይበሉ። ድምፅም መብራትም ከሌለ ጣጣው ከኤሌክትሪኩ ነው። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ራሙን (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ረዘም ያለ ቀጭን የሜሞሪ ካርድ) ይጠርጥሩ። ጽሑፍ አሳይቶ ዊንዶውስ ላይ ሳይደርስ ከቆመ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ባትሪና ሃርድ ዲስኩን።

ጭራሽ ካልበራ

ዲቫይደሩን ይተዉትና ገመዱን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ። ከኬዙ ጀርባ፣ ገመዱ የሚገባበት አጠገብ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ቤት ሲጸዳ ተነክታ ትጠፋለች። እዚያው አካባቢ 115 እና 230 የሚል መምረጫ ያላቸውም አሉ። ኮምፒውተሩ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሳይሰኩት ይህን ይዩ። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ መምረጫው 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ጧ ብሎ ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ገመዱን ነቅለው ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ከዚያ መልሰው ይሰኩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የደነዘዘ ማሽን አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይነሳል። አሁንም እምቢ ካለ ከጤነኛ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተውሰው ይሞክሩ፤ መሰኪያው ካልገጠመ አያስገድዱት። የተበላሸውን ከፍተው ልጠግን አይበሉ፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጠቆረ

ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ስክሪኑ የሚልክ ካርድ) ካለ የስክሪኑ ገመድ እሱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይሰካም። ይህ ካልሆነ ወደ ራሙ ይሂዱ፤ እዚህ ጋ አይቸኩሉ።

ገመዱን ነቅለው የኬዙን ጎን ይክፈቱና ብረቱን በእጅዎ ነካ ያድርጉ፤ ከሰውነትዎ የሚወጣ ስታቲክ ቺፑን እንዳይጎዳው ነው። ጫፍና ጫፍ ያሉትን መቆለፊያዎች ወደ ውጭ ሲገፉ ራሙ ብድግ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹ ደብዝዘው ወይም ጠቁረው ከሆነ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ፈግፈግ ያድርጓቸውና ፍርፋሪውን በብሩሽ ያራግፉ። ማስገቢያውንም ይጥረጉ። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክርም። አየሩ ውሃ ይዞ ይወጣል፣ ፋኑንም ከልኩ በላይ ያሽከረክረዋል። ሲመልሱ ራሙ ላይ ያለችው ክፍተት ከማስገቢያው ጉብታ ጋር ትግጠም፤ መቆለፊያዎቹ ራሳቸው እስኪዘጉ ጫን ያድርጉ። ሁለት ራም ካለ አንድ አንዱን ለየብቻ ይሞክሩ።

ካልሆነ ራሙን በሙሉ አውጥተው ያብሩት። ትንሿ የኬዝ ስፒከር ጢጥ ጢጥ ካለች ደስ ይበልዎ፤ ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩም አልሞቱም፣ ራም አጣን እያሉ ነው። ስፒከር እያለ ዝም ካለ ግን ማዘርቦርዱን በስልክ መብራት ይመርምሩ። ፕሮሰሰሩ ዙሪያ የቆሙት ድብልብል ካፓሲተሮች አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ በሽታው ሳይሆን አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ቦርዶች ላይ የታወቀ ችግር ነበር። ብየዳ የሚችል ባለሙያ ይቀይረዋል።

ጽሑፍ አሳይቶ ከቆመ

ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ «ኤፍ1ን ይጫኑ» የሚል ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ ሰዓት ሠሪዎችም ጋ አትጠፋም። ቀይረው ቀኑን ያስተካክሉ። ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ ካለም ይንቀሉት።

ሃርድ ዲስኩ አልታይ ካለ ገመዱን ይቀይሩ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግመው አያብሩት፤ አውጥተው በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያያይዙትና መጀመሪያ ፎቶና ሰነዱን ይገልብጡ። ዲስኩ ሰፊና ጠፍጣፋ ገመድ ያለው የድሮ ዓይነት ከሆነ ለሳታ (ቀጭን ገመድ ላለው አዲሱ ዓይነት) የሚሸጠው ማገናኛ አይሆነውም፤ ሲገዙ የአይዲኢ ብለው ይጠይቁ።