ፕሌክስ ላይ ፋይል ስታዛውሩ የጻፋችሁት መረጃ እንዳይጠፋ

ፕሌክስ (ያላችሁን ቪዲዮና ሙዚቃ አደራጅቶ የሚያጫውት ፕሮግራም) ላይ መንዙማ፣ ዘፈንና የሠርግ ቪዲዮ ለምታጠራቅሙ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፦ ዲስክ ሞልቶ ፋይሎቹን ወደ አዲስ ዲስክ ስታዛውሩ በእጃችሁ የጻፋችሁት ርዕስ፣ መግለጫና ፖስተር ድራሹ ሊጠፋ ይችላል። የፈረንጅ ፊልም ቢሆን ፕሌክስ መረጃውን ከኢንተርኔት መልሶ ያወርደዋል። "ይሄ ባቲ ነው፣ ይሄ አምባሰል ነው፣ ይሄ ሐይቅ የተደገሰው የአጎቴ ሠርግ" ብላችሁ የጻፋችሁትን ግን ከየትም አያመጣውም።

ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት የሰርቨሩን ሴቲንግ ክፈቱ። ላይብረሪ በሚለው ስር ከእያንዳንዱ ስካን (ፕሌክስ ፎልደሮቹን ሲፈትሽ) በኋላ ትራሹን፣ ማለትም ፋይላቸው የጠፋ መዝገቦች የሚሄዱበትን ቦታ፣ በራሱ ባዶ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ አጥፉት። ከዚያ ፋይሎቹን አዛውሩ፣ አዲሱን ፎልደር እዚያው ላይብረሪ ላይ ጨምሩና ስካን አድርጉ። ሁሉም መከፈቱን ካያችሁ በኋላ የድሮውን ፎልደር አውጡ፤ ምርጫውንም መልሱት።

የጻፋችሁት ነገር የሚቀመጠው ፋይሉ ውስጥ ሳይሆን የፕሌክስ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ስካኑ ፋይሉን ከቦታው ሲያጣው መዝገቡን ወደ ትራሽ ይልከዋል። ትራሹ ሲደፋ የጻፋችሁትም አብሮ ይደፋል። ካልተደፋ ግን ያው ፋይል አዲሱ ቦታ ላይ ሲገኝ ከቀድሞ መዝገቡ ጋር ይገናኛል።

ወደ ሌላ ላይብረሪ ለማዛወር ይሄ አይሠራም፤ እንደ አዲስ ነው የሚቆጥረው። እግረ መንገዳችሁን የፋይል ስም አትቀይሩ። ሰርቨሩን አጥፍቶ ዳታቤዙን ቀድሞ ኮፒ ማድረግም አይከፋም፤ መብራት መች እንደሚሄድ ማን ያውቃል።