ከልብ ምት ሕክምና በኋላ ኪስንም ልብንም የሚጎዱ ስህተቶች

በካቴተር (በደም ሥር ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚሠራው የልብ ምት ሕክምና፣ አብሌሽን፣ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ወጪው ግን አያልቅም። ክትትሉም መድኃኒቱም ገና ነው። የማወራው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ለሚባለው የምት መዛባት ስለሚሠራው ነው።

ልብ ትር ባለ ቁጥር ድንገተኛ ክፍል መሮጥ

ገንዘብ በከንቱ ከሚፈስባቸው ስህተቶች አንዱ ይሄ ነው። ምቱን የሚያዛባውን ምልክት ለመግታት ልብ ውስጥ ሆን ተብሎ የተሠራው ቁስል እስኪሽር ይቆጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ወራት ምቱ ቢዛባ "ሕክምናው አልሠራም" ማለት አይደለም። በዚህ ጊዜ ለሁለተኛ አብሌሽን መቻኮል አያስፈልግም። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆየበትን ጊዜ ይጻፉ፤ ለሐኪምዎ ይደውሉ፤ ከተቻለ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሱ። ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ወጪ አይቁጠሩ፤ ቶሎ ይሂዱ።

"ድኛለሁ" ብሎ ደም ማቅጠኛውን ማቆም

ምቱ ቢስተካከልም መድኃኒቱ ቢያንስ ለ2 ወይም ለ3 ወራት ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የምቱ መስተካከል ሳይሆን የስትሮክ ስጋትዎ ነው፦ ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካም፣ ቀድሞ የደረሰ ስትሮክ። ዋጋው ከከበደዎት በራስዎ አይቀንሱ፤ አማራጭ ይጠይቁ። ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ ርካሽ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ተደጋጋሚ የደም ምርመራ አለው፤ የምርመራውንና የመመላለሻውን ወጪም ደምረው ያወዳድሩ።

ትኩሳትን ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ

በጣም አልፎ አልፎ፣ በልብና በምግብ መውረጃ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ይፈጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። ትኩሳት፣ ሲውጡ ሕመም፣ የአንደበት መተሳሰር ካዩ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። "አብሌሽን ተሠርቶልኛል" ብለው መጀመሪያ ይናገሩ። ሐኪሞቹ ይህን ሳያውቁ ኢንዶስኮፒ (በአፍ ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብቶ ማየት) ቢያደርጉልዎ ሊገድል ይችላል፤ የሚመረጠው የደረት ሲቲ ስካን ነው።

ካቴተሩ በገባበት ብሽሽት ላይ ትንሽ መበለዝ ወይም እብጠት አያስደንግጥዎ። እብጠቱ ካደገ ወይም ከደማ ተኝተው አጥብቀው ይጫኑት፤ እርዳታም ይጥሩ።

የቀረውን ሁሉ ለካቴተሩ መተው

ክብደት፣ አልኮል፣ ያልታከመ ደም ግፊት፣ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ መዛባቱን መልሰው ይጠሩታል። ሚስትዎ ወይም ባልዎ "ታንኮራፋለህ"፣ "ታንኮራፊያለሽ" ካሉ ቀልድ አያድርጉት፤ ይመርመሩ።

ከሆስፒታል ያለ ወረቀት መውጣት

የተሠራው ምን እንደሆነ የሚገልጽ ሪፖርት ከሌለ ሌላ ቦታ ምርመራው ከዜሮ ሊጀመር ይችላል። ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት።