የፊዚክስ ዲግሪን መምረጥና መጨረስ፦ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል እስከ መውጫ ፈተና

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት የማይባሉ የፊዚክስ ተማሪዎች ዲፓርትመንቱን መርጠውት ሳይሆን ደርሷቸው የገቡ ናቸው። ሕክምና ወይም ምህንድስና ፈልገው ነጥቡ አልመጣላቸው ይላል፤ በምርጫ ቅጹ ላይ ቦታ ለመሙላት ያህል ከታች የጻፉት ፊዚክስ የምደባው ዝርዝር ሲለጠፍ ከስማቸው ጎን ይገኛል። ይህ በራሱ ክፉ ዕድል አይደለም፤ ሳይፈልጉት ገብተው እጅግ የወደዱት አሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ተማሪው ከዚያ በኋላ የሚቀርቡለትን ምርጫዎች ሁሉ፣ ማለትም ስትሪሙን (በዲግሪው ውስጥ የሚመረጠውን የትኩረት ዘርፍ)፣ ምርጫ ኮርሶቹንና የመመረቂያ ሥራውን በዚያው መንገድ፣ የደረሰውን እየተቀበለ ሲያሳልፍ ነው። የፊዚክስ ዲግሪ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ፋርማሲ አንድ የታወቀ የሥራ መደብ የተዘጋጀለት አይደለም፤ ስለዚህ ከምርቃት በኋላ የት መድረስ እንደሚፈለግ ቀድሞ ማሰብና ኮርሶቹን ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ መምረጥ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው በዚሁ ሐሳብ ነው።

አንደኛ፦ የመግቢያውን መንገድ መለየት

ፊዚክስን በዲግሪ ለመማር የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆንና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ማለፍ ይጠይቃል። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በቀጥታ ወደ መጀመሪያ ዓመት የሚገቡት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ብቻ ናቸው፤ ከግማሽ በታች ካመጡት መካከል ለሪሜዲያል የተቀመጠውን ነጥብ ያሟሉት ደግሞ የማካካሻ ትምህርቱን ተከታትለውና ፈተናውን አልፈው የሚገቡበት ዕድል አለ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚቀበሉት በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ሲሆን፣ ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን በቅርብ ዓመታት የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም በተለየ ፈተና አመልካቾችን ሲመርጡ ቆይተዋል። የምዝገባ ቀኖቹ ስለሚለያዩ አንዱን ሲጠብቁ ሌላው እንዳያልፍ ማስታወቂያዎቹን ከየተቋማቱ ይፋዊ ገጽ መከታተል ይገባል።

ሁለተኛ፦ የትኛው የፊዚክስ ፕሮግራም እንደሆነ ማጣራት

በዲግሪው ላይ «ፊዚክስ» የሚል ቃል ስለተጻፈ ብቻ ፕሮግራሞቹ አንድ አይሆኑም። የተለመደው በፊዚክስ የሚሰጠው የሳይንስ ባችለር ዲግሪ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአራት ኪሎ ግቢው፣ እንዲሁም ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያ፣ ጎንደርና ሌሎችም ያስተምሩታል። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሙ አፕላይድ ፊዚክስ ይባላል፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ወደ ቴክኖሎጂው የሚያዘነብል ነው። ሦስተኛው መንገድ የመምህርነት ሥልጠናው ነው። ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ የቆየው አሠራር በመጀመሪያ በፊዚክስ ተመርቆ ቀጥሎ ፒጂዲቲ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ መውሰድ ሲሆን፣ ትምህርቱንና የማስተማር ሥነ ዘዴውን አንድ ላይ አጣምሮ የሚያስመርቀው የትምህርት ባችለርም አለ። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የተሰየመ ተቋም ነው።

ቁርጥ አድርጎ ያልወሰነ ተማሪ የተለመደውን የሳይንስ ዲግሪ ቢይዝ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ከእሱ ተነሥቶ ወደ መምህርነት መሄድ በአንድ ተጨማሪ ሥልጠና ይቻላል፤ ከትምህርት ባችለር ተነሥቶ ወደ ቲዎሪ ማስተርስ መሄድ ግን የጎደሉ ኮርሶችን ማካካስ ሊያስከትል ይችላል።

ሦስተኛ፦ የፍሬሽማን ዓመትን በአግባቡ መጠቀም

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ፕሮግራም ስለሆነ፣ ቀድሞ ሦስት ዓመት ይፈጅ የነበረው የፊዚክስ ዲግሪ አሁን አራት ዓመት ይወስዳል። በዚህ ዓመት የሚሰጡት በአብዛኛው የጋራ ኮርሶች ናቸው፤ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የመሳሰሉት፣ ከእነሱ ጋር ጄኔራል ፊዚክስና ለተፈጥሮ ሳይንስ የሚሰጠው ማቴማቲክስ ይገኛሉ። የዲፓርትመንት ምርጫ የሚካሄደው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ የፍሬሽማን ውጤትና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ምን ያህል እንደሚያዝላቸው እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ደንብ ይወስናል።

ምርጫው ከመሞላቱ በፊት አንድ ነገር መመዘን ይበቃል፤ እሱም የማቴማቲክስ ውጤት ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የጄኔራል ፊዚክስን ግሬድ ነው፤ ይሁንና ጄኔራል ፊዚክስ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት በጥቂቱ ሰፍቶ የሚቀርብበት ስለሆነ በሽምደዳም ጥሩ ግሬድ ሊገኝበት ይችላል። በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመት ተማሪን የሚያንገዳግደው የማቴማቲክስ ድክመት ነው። በማቴማቲክስ ሲ አምጥቶ ፊዚክስ የመረጠ ሰው ክረምቱን ካልኩለስ ሲከልስ ቢያሳልፍ የሚያስቆጨው ነገር አይኖርም።

አራተኛ፦ የኮርሶቹን ሰንሰለት ማወቅ

ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚሠሩት በአገር አቀፍ ደረጃ በተቀናጀ ሥርዓተ ትምህርት በመሆኑ ዋና ዋናዎቹ ኮርሶች የትም ቢሆን ተመሳሳይ ናቸው። መጀመሪያ ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ ሞገድና ኦፕቲክስ እንዲሁም ሞደርን ፊዚክስ ይወሰዳሉ። ቀጥለው ማቴማቲካል ሜትድስ፣ ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስና ስታቲስቲካል ፊዚክስ ይመጣሉ፤ ከእነዚህ ጎን ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ፣ ኒውክሌር ፊዚክስ፣ ሶሊድ ስቴት፣ ኮምፒውቴሽናል ፊዚክስና ተከታታይ የላብራቶሪ ኮርሶች አሉ።

እነዚህ በቅድመ ሁኔታ የተያያዙ ናቸው። ማቴማቲካል ሜትድስን የጣለ ተማሪ የዘገየው በአንድ ኮርስ ብቻ ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ኳንተም ሜካኒክስን ለመጀመር ዓመት መጠበቅ ሊኖርበት፣ ምርቃቱም በዚያው ልክ ሊገፋ ይችላል። በመሆኑም በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከዲፓርትመንቱ ሙሉውን የኮርስ ዝርዝር ተቀብሎ፣ የትኛው ለየትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በቀስት አገናኝቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል። አንድን ኮርስ ድሮፕ ለማድረግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ከዚያ ኮርስ የሚነሡትን ቀስቶች ይቁጠር፤ ምንም ቀስት የማይነሣበትን መተው የሚያስከፍለው ዋጋ ትንሽ ነው።

አምስተኛ፦ ላብራቶሪን እንደ ዋና ኮርስ መያዝ

የላብራቶሪ ኮርስ ክሬዲቱ አነስተኛ ስለሆነ ሪፖርቱን ካለፈው ባች መገልበጥ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ የሚጎዳው ራሱን ገልባጩን ነው፤ ምክንያቱም ቀጣሪም ሆነ የማስተርስ አማካሪ ፈልጎ የሚያጣው ችሎታ የሚገኘው እዚያ ነው። ቀላሉን የፔንዱለም ሙከራ እንውሰድ። የክሩ ርዝመት 1 ሜትር ነው፤ ተማሪው 20 ውዝዋዜ ቆጥሮ በስቶፕዎች 40.2 ሰከንድ ያገኛል። ስለዚህ አንዱ ውዝዋዜ 2.01 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሲሰላም የመሬት ስበት 9.77 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይመጣል። ገልባጩ ተማሪ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ 9.8 ተብሎ ስላየ ቁጥሩን አስተካክሎ 9.8 ብሎ ይጽፋል።

ጥሩ ሪፖርት ግን የተገኘው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን ይጠይቃል። ስቶፕዎቹን የሚጫን እጅ በ0.2 ሰከንድ ገደማ ቢሳሳት ከ40.2 ሰከንድ ውስጥ ስሕተቱ ግማሽ በመቶ ነው፤ ጊዜው በስሌቱ ውስጥ በስኩዌር ስለሚገባ በስበቱ ላይ ወደ 1 በመቶ፣ ማለትም ወደ 0.1 ያድጋል። ተማሪው በአንድ ውዝዋዜ ብቻ ለክቶ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ 20 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ሃያ ጊዜ የመቁጠሩ ምክንያት ይህ ነው። ውጤቱ እንግዲህ 9.8 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1 ተብሎ ይጻፋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የማትርቅና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ እውነተኛው የስበት መጠን 9.78 ገደማ ነው፤ ይህን ልዩነት በክርና በስቶፕዎች ለይቶ ማየት እንደማይቻል በሪፖርቱ መደምደሚያ ላይ የጻፈ ተማሪ ሙከራው የተሠራበትን ዓላማ ተረድቷል።

ስድስተኛ፦ የነጥብ ስሌቱን ቀድሞ ማወቅ

ለመመረቅ የተቀመጡትን ኮርሶች በሙሉ ማጠናቀቅና አጠቃላይ ሲጂፒኤውም (የሁሉም ኮርሶች አማካይ ነጥብ)፣ የዲፓርትመንቱ ኮርሶች ለብቻቸው ሲሰሉ የሚሰጡት አማካይም ከ2.00 ያላነሰ መሆን አለበት። ይህ ሁለተኛው መመዘኛ ብዙዎችን ሳያስቡት ይይዛቸዋል፤ በጋራ ኮርሶች ያገኙት ጥሩ ግሬድ አጠቃላዩን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳያቸው የፊዚክስ ኮርሶቹ አማካይ ከ2.00 በታች መውረዱን ዘግይተው ያውቃሉ።

አማካዩ የሚሰላው በክሬዲት ተባዝቶ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ክላሲካል ሜካኒክስ በ5 ክሬዲት ቢ፣ ኳንተም ሜካኒክስ በ5 ክሬዲት ሲ፣ ላብራቶሪ በ3 ክሬዲት ኤ ያገኘ ተማሪ ኤን 4፣ ቢን 3፣ ሲን 2 ነጥብ አድርጎ ሦስቱን ግሬዶች ደምሮ ለሦስት ቢያካፍል 3.00 ያገኛል። ሬጅስትራር ግን እያንዳንዱን ነጥብ በክሬዲቱ አባዝቶ የሚያገኛቸውን 15፣ 10 እና 12ን ደምሮ፣ ድምሩን 37ን ለ13 ክሬዲት አካፍሎ 2.85 ይመዘግባል።

ሰባተኛ፦ ስትሪምንና የመመረቂያ ፕሮጀክትን ከታሰበው ሥራ አንጻር መምረጥ

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ዲፓርትመንቱ እንደ መምህራኑና እንደ መሣሪያዎቹ አቅም ስትሪም ወይም ምርጫ ኮርሶች ያቀርባል። እዚህ ላይ ጓደኞቹ ስለሄዱ ብቻ የሚከተል ብዙ ነው።

ውጭ አገር ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚያስብ ሰው ሁለተኛውን ኳንተም ሜካኒክስ፣ ስታቲስቲካል ፊዚክስንና ተጨማሪ ማቴማቲክስን ይውሰድ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት መምህራን ጋርም የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉለት በሚችሉበት ደረጃ ይተዋወቅ። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በባችለር ብቻ በቀጥታ ወደ ፒኤችዲ ያስገባሉ፤ ወጪውም በአብዛኛው በአስተማሪ ረዳትነት ወይም በምርምር ረዳትነት ይሸፈናል። በጣሊያን ትሪየስቴ ያለውና አብዱስ ሰላም በ1964 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ለታዳጊ አገሮች ተመራቂዎች የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ፕሮግራም አለው፤ የማዕከሉ አጋር የሆነው ተቋም ደግሞ በኪጋሊ ማስተርስ ያስተምራል።

ሥነ ፈለክ የሚስበው ተማሪ የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግን ችላ አይበል። በእንጦጦ ተራራ ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስተዋቶች የተገጠሙላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ይሁንና የዘመኑ የሥነ ፈለክ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መረጃ በማጣራት ነው። በሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ መሆን ለሚፈልግ ሰው ባችለሩ መነሻ ብቻ ስለሆነ፣ ኒውክሌር ፊዚክስን በሚገባ ይዞ ወደ ማስተርስ መሻገር ይኖርበታል። ሜትሮሎጂንና ጂኦፊዚክስን ለሚያስብ ደግሞ የፍሉድ ሜካኒክስና የሞገድ ትምህርት ይጠቅሙታል።

ወደ መምህርነት ለሚሄድ ሰው የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በቀላል ቁሳቁስ በሚሠራ የሁለተኛ ደረጃ ላብራቶሪ ላይ ማድረግ ጥሩ ምርጫ ነው፤ የላብራቶሪ ዕቃ በጎደለበት ትምህርት ቤት ሲመደብ በእጁ ይዞት የሚገባ ነገር ይኖረዋል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ርእሱን ከአማካሪ ጋር መወሰን ያለበት የመጨረሻው ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት ነው።

ስምንተኛ፦ መውጫ ፈተናና ወረቀቶቹ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኮርሶቹን በሙሉ ያጠናቀቀ ተማሪም ቢሆን በኮምፒውተር የሚሰጠውን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም፤ ያላለፈ በሚቀጥለው ዙር እንደገና መፈተን ይችላል። ጥያቄዎቹ ከዋና ኮርሶች የሚወጡ ስለሆነ በሁለተኛው ዓመት የተወሰዱት ሜካኒክስና ኤሌክትሮማግኔቲዝም ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ፤ የእነዚያን ኮርሶች ደብተር መጣል አያስፈልግም።

ከፈተናው በኋላ ክሊራንስ፣ ማለትም ተማሪው የዩኒቨርሲቲው ዕቃ እንደሌለበት የሚረጋገጥበት ቅጽ ይሞላል፤ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍም ሆነ የላብራቶሪ ዕቃ ያልመለሰ ሰው የሚታገደው እዚህ ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው ጊዜያዊ ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ዝርዝር ቅጂ) ሲሆን፣ ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ክፍያ እስኪጠናቀቅ ሊቆይ ይችላል። ውጭ አገር ለማመልከት ያሰበ ተመራቂ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ከሬጅስትራር ወደሚያመለክትበት ተቋም እንዲላክ የሚጠየቅበት ጊዜ ስለሚኖር፣ በግዕዝ ፊደልም ሆነ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ከግቢው ሳይወጣ አረጋግጦ፣ ልዩነት ካለ እዚያው ሬጅስትራር ቢሮ ያስተካክል።