ገዢው ክሎዚንግ ሲያዘገይባችሁ ምን ታደርጋላችሁ (ካሊፎርኒያ ቤት ለምትሸጡ)

እኔ ቤቴን የሸጥኩት ኦክላንድ ነው፣ ክሎዚንጉ (ብሩ ገብቶ ሽያጩ የሚያልቅበት ቀን) አርብ ነበር፣ ዕቃችን ተጭኖ መኪናው ደጅ ቆሟል፣ ልጆቹ ባዶ ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፒዛ እየበሉ ነው፣ ልክ 10 ሰዓት ላይ ኤጀንቴ ደውላ የገዢው ብር አልገባም ሰኞ ይዘጋሉ አለችኝ። ሰኞው ማክሰኞ ሆነ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንት አለፈው፣ እኔም ሞርጌጁንም አዲሱን ኪራይም እየከፈልኩ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።

1. ምክንያቱን በጽሁፍ ጠይቁ። ስልክ ላይ የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆናችሁም፣ ኤጀንታችሁ በኢሜይል ትጠይቅ። ሌንደሩ (ለገዢው ብር የሚያበድረው) የመጨረሻውን የወጪ ዝርዝር፣ ክሎዚንግ ዲስክሎዠር የሚሉትን፣ ከመፈረሙ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን በፊት ለገዢው መስጠት አለበት፣ እሱ ዘግይቶ ከሆነ የቀናት ጉዳይ ነው ታገሱ። ገዢው ሥራ ለቆ ወይም የራሱ ቤት አልሸጥ ብሎት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

2. ኮንትራቱን አውጡና ገዢው ኮንቲንጀንሲዎቹን (ሎን ካላገኘሁ እወጣለሁ የሚሉ ዓይነት ቅድመ ሁኔታዎችን) በፊርማ አንስቷል ወይ ብላችሁ እዩ። በተለመደው የካሊፎርኒያ የሽያጭ ውል ፎርም የሎኑ ቅድመ ሁኔታ 17 ቀን ነው፣ ግን ቀኑ ስላለፈ ብቻ በራሱ አይነሳም፣ ገዢው ፈርሞ ነው የሚያነሳው። ካላነሳ ኖቲስ ቱ ባየር ቱ ፐርፎርም (ግዴታህን ተወጣ የሚል ማስጠንቀቂያ) ይላካል፣ 2 ቀን ይሰጠዋል፣ ካልመለሰ ትሰርዛላችሁ፣ ዲፖዚቱ (ቀብዱ) ግን ለሱ ይመለሳል።

3. ሁሉን አንስቶ ቀኑ ካለፈ ዲማንድ ቱ ክሎዝ ኤስክሮው (ሽያጩን ዝጋ የሚል የጽሁፍ ጥያቄ) ላኩ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ በዚሁ ፎርም ይሄን ሳትልኩ ቀኑ አልፏል ብላችሁ ብቻ መሰረዝ አትችሉም። ቢያንስ 3 ቀን ይሰጠዋል፣ ከክሎዚንጉ ቀን 3 ቀን ቀደም ብሎም መላክ ስለሚቻል ጥርጣሬ ካላችሁ ቀኑ እስኪያልፍ አትጠብቁ። እኔ ልኬው ቢሆን ገዢው እሮብ ወይ ይዘጋል ወይ እገላገላለሁ።

4. ተጨማሪ ቀን ከጠየቀ በነጻ አትስጡ። ሞርጌጅ፣ ታክስ፣ ኢንሹራንስ፣ ኤችኦኤ (የሰፈሩ ማህበር ክፍያ) ካለ እሱንም ደምሩና ለ30 አካፍሉት። እንበልና በወር 4,500 ዶላር ከሆነ በቀን 150 ነው፣ ይሄ በኤክስቴንሽኑ (ቀን ማራዘሚያው) ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ አዲሱ የመዝጊያ ቀንም ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ገዢው ካልተስማማ ልታስገድዱት አትችሉም፣ እናንተም ግን ቀን የመጨመር ግዴታ የለባችሁም።

5. ዲፖዚቱ። እኛ ሀገር ገዢ ከቀረ ቀብዱ ይበላል፣ ሻጭ ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው እዚህም እንደዛ ይመስለዋል። እዚህ ብሩ ኤስክሮው (ብሩን በመሃል የሚይዘው ገለልተኛ ድርጅት) ጋ ነው ያለው፣ ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ አብዛኛውን ጊዜ አይለቁትም። ሊኩዊዴትድ ዳሜጅስ (ገዢው ውሉን ካፈረሰ የሚከፍለው አስቀድሞ የተወሰነ ካሳ) የሚለው አንቀጽ ስር ሁለታችሁም ፊርማ አድርጋችሁ ከሆነና ገዢው ሊኖርበት የገዛው ቤት ከሆነ በፎርሙ የምትይዙት ቢበዛ የዋጋውን 3 ፐርሰንት ነው፣ በ700 ሺህ ቤት 21 ሺህ ዶላር ማለት ነው፣ ዲፖዚቱ ከዛ ካነሰ ያለውን። ገዢው የሚያከራክር እውነተኛ ነገር ሳይኖረው ብሩ እንዲለቀቅ በጽሁፍ ተጠይቆ በ30 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ እስከ 1,000 ዶላር ቅጣትና የጠበቃ ወጪ ያስከፍለዋል። ክርክር ከተነሳ መጀመሪያ ሚዲዬሽን (ሽምግልና) ሂዱ፣ ዘላችሁት ፍርድ ቤት ከሄዳችሁ ብታሸንፉ እንኳን የጠበቃ ብራችሁን ላታገኙ ትችላላችሁ።

6. ስረዛው በወረቀት ሳያልቅ ለሌላ ሰው አትሸጡ። የመጀመሪያው ገዢ ከሶ ቤቱ ላይ ክስ እንዳለ ካስመዘገበ ማንም አይገዛችሁም፣ እዚህ ላይ ኤጀንት አይበቃም፣ የሪል ስቴት ጠበቃ አናግሩ።

ቁልፍ ደግሞ አትስጡ እባካችሁ። የኔው ገዢ ዕቃዬን ጋራዥ ብቻ ላስገባ ብሎ ለምኖኝ ነበር፣ አሳዝኖኝ እሺ ልል ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ። አንዴ ከገባ በኋላ ካልዘጋ ለማስወጣት ፍርድ ቤት ነው፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ሞርጌጁን ደግሞ እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት።