ቬኒስን በትንሽ ገንዘብ ለማየት

ቬኒስ የመሄድ ሐሳብ ኖሯችሁ ዋጋው ካስፈራችሁ፣ መጀመሪያ ጎንዶላውን፣ ማለትም ቱሪስት የሚጓዝበትን ቀጭን የቀዘፋ ጀልባ፣ ተዉት። ይፋዊው ተመን ቀን ላይ (ከምሽት በፊት) ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ ነው። በምትኩ ትራጌቶ የሚባለውን ፈልጉ። ጌጥ የሌለው ጎንዶላ ሲሆን በሁለት ቀዛፊ ከተማዋን የሚያቋርጠውን ታላቁን ቦይ ከዳር እስከ ዳር ያሻግራል፤ ለእንግዳ 2 ዩሮ ነው። ሪያልቶ ገበያ አጠገብ፣ ሳንታ ሶፊያ ላይ ታገኙታላችሁ። ጉዞው የደቂቃዎች ቢሆንም ውሃው ላይ መሆን ያው ውሃው ላይ መሆን ነው፤ እኔ በጣም ነው የምወደው።

ማደሪያውን ሜስትሬ አድርጉት። ከዋናው ምድር በኩል ያለ ሰፈር ነው፤ ባቡሩ በ10 ደቂቃ ገደማ ሳንታ ሉቺያ ጣቢያ፣ ቦዩ አፍ ላይ ያወርዳችኋል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ከ2024 ጀምሮ ከተማዋ በተመረጡ ቀናት ውለው ከሚመለሱ ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ ትቀበላለች፤ ሜስትሬ የሚያድር ግን አስተዳደሩ አንድ ስለሆነ አይከፍልም። ነፃ መሆናችሁን የሚያሳየውን ኮድ ብቻ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት አውጡ።

ቫፖሬቶው፣ ማለትም የሕዝብ ጀልባው፣ ለአንድ ጉዞ 9.50 ዩሮ ስለሚያስከፍል በእግር መሄድ ይሻላል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ዳር ላይ ያሉት ሰፈሮች፣ ካናሬጆና ካስቴሎ፣ ደግሞ ጸጥ ያሉ ናቸው።

ለምሳ ባካሮ የሚባሉት ትንንሽ መጠጥ ቤቶች ግቡ፤ ቆማችሁ ቺኬቲ፣ ዳቦ ላይ የተደረገ ዓሣ ወይም አትክልት፣ በጥቂት ዩሮ ትበላላችሁ። ውሃ አትግዙ፤ በየአደባባዩ ያለው ቧንቧ ንጹሕ ነው፣ ጠርሙሳችሁን ሙሉ። ሳን ማርኮ አደባባይ መሬት ላይ ተቀምጦ መብላት ግን ያስቀጣል።